በዕለቱ ያልተገኙ

ከጠባሴ ወደ መሀል ደብረ ብርሃን በሚመላለሱት ሚኒባሶች ወርቅአገኘሁን የማያውቅ ረዳት የለም። የሚያውቁት በስሙ አይደለም፤ በመስኮቱ ነው። በኅዳር ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ስቦ በተቀመጠበት ሰዓት ይህ ሰው አጠገቡ ያለውን መስኮት ይከፍታል። "ኧረ መስኮት!" ይላል ከኋላ አንዱ። "ወንድሜ፣ ልትገድለን ነው?" ትላለች ሌላዋ ሕፃኗን በነጠላ እየሸፈነች። እሱ ግፋ ቢል "ትንሽ ነው የከፈትኩት" ይላል። ሲብስበት ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። አገሬው ከጦር ይልቅ የመኪና ነፋስ እንደሚፈራ የማያውቅ መስሏቸው "የውጭ አገር ሰው ነው እንዴ?" ያሉም አሉ። የሰላ ድንጋይ ልጅ ነው፤ ብርድን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ሚስቱ ወለተሐና ለጎረቤት ስታወራ "አንዳንዱ ሰው ጨለማ ይፈራል፣ የእኔ ባል ደግሞ የተዘጋ መስታወት ይፈራል" እያለች ትስቃለች። ለምን እንደሚፈራ ግን አታውቅም። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር አንድም ቀን አልነገራትም።

ወርቅአገኘሁ የግምገማ ባለሙያ ነው፤ በከተማዋ ባለ አንድ የትምህርት ድጋፍ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ሥራው ምን እንደሆነ ለዘመዶቹ አስረድቶ ጨርሶ አያውቅም። "ተማሪ ይፈትናል" ብለው ይተውታል፣ እሱም አያርማቸውም። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። አንድ የትምህርት ፕሮግራም ልጆቹን ጠቅሞ እንደሆነ ኋላ እንዲታወቅ፣ ማን እንደሚፈተን፣ መቼ እንደሚፈተን፣ በምን እንደሚፈተንና ውጤቱ እንዴት እንደሚቆጠር አስቀድሞ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እሱ ነው። ዕቅዱ ከተንጋደደ ፈተናው ቢያምርም ውጤቱ ውሸት ይሆናል። ይህን ለወጣት ባልደረቦቹ ሲያስተምር ድምፁ ዝቅ ይላል። እነሱ ትሕትና ይመስላቸዋል።

የተከበረበት ሰነድም አለ፤ ወጣቶቹ "የጋሼ ፎርም" ይሉታል። አዲስ ዕቅድ ሲታዘዙ ፎርሙን ይገለብጡና የወረዳውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ቀይረው ያስገባሉ። ዘጠኝ ፕሮግራሞች በዚህ ፎርም ተመዝነዋል። ገጽ ሦስት፣ ተራ ቁጥር ስድስት ላይ እንዲህ ይላል፦ "በዕለቱ ያልተገኙ ተማሪዎች ከናሙናው ይወገዳሉ።" አምስት ቃል ናት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕር ወለምታ በምን እንደሚታሽ የነገረን የለም።

ያቺ መስመር የተጻፈችው ለሾላ ውኃ ነበር። ሾላ ውኃ ከአሊዩ አምባ ገበያ ዝቅ ብላ ያለች የቆላ መንደር ናት። የዛሬ ዐሥራ አራት ዓመት ድርጅቱ በዚያ አካባቢ "የንባብ ዳስ" የሚባል ፕሮግራም ከፍቶ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ደርሰው ፊደል መገጣጠም ያቃታቸው ልጆች ከሰዓት በኋላ ዳስ ሥር ይሰበሰባሉ፣ ከመንደሩ የተመረጠች ሴት ታስነብባቸዋለች። የሾላ ውኃዋ አስነባቢ አሲያ ትባላለች። አሲያ የመጣን ልጅ መመለስ አትችልምና፣ ድሮም ደህና ያነቡ የነበሩት የነጋዴና የመምህር ልጆች ሳይቀሩ ገብተው አርባ አንድ ሆኑ። ሲጀመር አንዴ ተፈተኑ። ከዓመት በኋላ ደግሞ ይፈተናሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዳሱ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን ይቆርጣል።

የሁለተኛውን ፈተና ቀን የመረጠው ወርቅአገኘሁ ነው፤ የገበያ ቀን። በእሱ ቤት ብልህነት ነበር። ባደገበት በሰላ ድንጋይ የገበያ ቀን አባት ገበያ ይሄዳል፣ እናት ትከተላለች፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይውላል። ወላጅም መንገድ ላይ ስለሚገኝ ለማነጋገር ይመቻል። በቆላው ግን የገበያ ቀን የልጅ ሥራ ቀን ነው። ማሽላውና ማሾው ሳይነጋ በአህያ ይጫናል፣ አህያውን ዳገት ለዳገት የሚነዳው ልጅ ነው። ትምህርት ቤት የሚውሉት ሸክም የሌለባቸው የነጋዴና የመምህር ልጆች ናቸው። ይህን ለማወቅ አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃ ነበር። ደገኛ ግን ስለ ገበያ ሰው አይጠይቅም፤ ገበያ ሁሉ የእሱ ገበያ ይመስለዋል።

አሲያ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። "ጋሼ፣ ዛሬ ልጆቼ የሉም። ነገ ያድርጉት፣ አላህ ያክብርዎ" አለችው።

"ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ዛሬ ነው" አላት።

መኪናውም በማግስቱ ሌላ ወረዳ ይፈለግ ነበር። ሃያ አራት ልጆች ተፈተኑ። በዐሥራ ሰባት ስሞች አጠገብ ሰረዝ ተሰመረ፣ ምክንያቱም ተራ ቁጥር ስድስት እንደዚያ ይላል።

ዐሥር ሰዓት ግድም ወረቀቱን ሰብስቦ መኪና ውስጥ ገባ። ከገበያ የሚመለሱ አይሱዙዎች አቧራውን አንስተውት ስለነበር መስኮቱን ዘጋ። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ አንዲት ዐሥራ አንድ ዓመት የሚሆናት ልጅ በሩጫ መጣች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነው፣ የአህያው ልጓም አሁንም ትከሻዋ ላይ ተጠምጥሟል። በጣቷ መስታወቱን ቆረቆረች። እሱ "አልቋል" ለማለት እጁን አወናጨፈ። ልጅቷ ግን ከጉያዋ የዳሱን መጽሐፍ አወጣች፣ ገለጠችና እዚያው ቆማ ማንበብ ጀመረች። ጣቷ መስመሩን ይከተላል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በሞተሩ ጩኸትና በተዘጋው መስታወት አንድም ቃል አልተሰማውም። ደግሞ እጁን አወናጨፈ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። በስፖኪዮ ሲያያት አቧራው ውስጥ ቆማ ነበር፣ ከንፈሯ አልቆመም።

ሪፖርቱን የጻፈው ከሳምንት በኋላ ነው። ድሮም ያነቡ የነበሩት ሃያ አራቱ ዛሬም ያነባሉ፤ ስለዚህ ልዩነት የለም። ለናሙና የተመረጡት ሌሎቹ ሁለት ዳሶችም ልጆቻቸውን ወደዚያው ገበያ የሚልኩ ስለነበሩ ያው ሆነ። "ፕሮግራሙ የጎላ ለውጥ አላመጣም" ብሎ ፈረመ። በሁለተኛው ወር ዳሶቹ ተዘጉ።

ከዚያ ወዲህ ነው መስታወት የጠላው። መኪና ውስጥ መስኮት በተዘጋ ቁጥር ልጅቷ ትመጣለች። አታስፈራም፣ አትቆጣም፣ ታነባለች እንጂ ሌላ ምንም አታደርግም። እሱም ከንፈሯን እያየ አንድ ነገር ለማወቅ ይታገላል፤ እያነበበች ነበር ወይስ ገጹን በቃሏ ሸምድዳው? በቃሏ ከሆነ ዳሱ አላስተማራትም፣ ሪፖርቱ እውነት ነው፣ እሱም ነጻ ነው። አንብባ ከሆነ ግን የፈረመበት ወረቀት ውሸት ነው፣ የተዘጋው ዳስም በእሱ እጅ የተዘጋ ነው። ወርዶ መጠየቅ ይችል ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የአሊዩ አምባ ጉዞ ሲመጣ ሌላ ሰው ላከ። "ቆላ አይስማማኝም" ይላል። ፈሪ ሰው ምክንያቱ ከጤናው ብዛት አያልቅበትም።

ዘንድሮ፣ ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ሲቀረው፣ የቡድኑ ኃላፊ ኤርሚያስ ቢሮው ጠራው። ኤርሚያስ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ በፎርሙ ያደገ ልጅ ነው።

"ጋሼ፣ የምሥራች። የንባብ ዳስ ሊመለስ ነው" አለው። "አዲስ ደጋፊ ተገኝቷል፣ ሰባት ቦታ ላይ እንጀምራለን። ሾላ ውኃም አለችበት። የግምገማውን ዕቅድ አንተ ብትጽፈው ብዬ ነው፤ የመጨረሻህ ይሁን። ለአንተ ደግሞ ምን አላት፣ ፎርሙ አለ።"

ወርቅአገኘሁ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ፎርሙን ከኮምፒዩተሩ ከፈተ። የወረዳውን ስም ቀየረ፣ ዓመቱን ቀየረ። ተራ ቁጥር ስድስት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ቢሰርዛት "ለምን ሰረዝካት?" የሚል ይመጣል፣ ያ ጥያቄ ወደ ኋላ ይወስዳል፤ ወደ ዘጠኙ ፕሮግራሞች፣ ወደ ሾላ ውኃ፣ ወደ ፊርማው። ቢተዋት ደግሞ ሰባት መንደር ውስጥ አህያ የሚነዱ ልጆች እንደገና ሰረዝ ይሰመርባቸዋል። ሁለት ቀን ያቺኑ ገጽ አፍጥጦ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ፎርሙን አትሞ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ለኤርሚያስ "ሾላ ውኃን አይቼ ልምጣ" አለው።

"ቆላ አይስማማህም አይደል?"

"አይስማማኝም" አለና ወጣ።

መንገዱ ክፍት የሆነበት ሳምንት ነበር። እስከ አንኮበር በሚኒባስ ሄደ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ የተሳፋሪውን እርግማን ጠጥቶ። ከአንኮበር ቁልቁል ሌላ መኪና ያዘ። ጉሙ ከላይ ቀረ፣ ሙቀቱ ከታች መጣ፣ ሰዉም ጋቢውን እያወለቀ በየራሱ መስኮት መክፈት ጀመረ። ወርቅአገኘሁ ከማንም ጋር ሳይጣላ የተቀመጠበት የመጀመሪያው መንገድ ሳይሆን አልቀረም።  ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ አውቆ ነው የመረጠው።

አሲያ አሊዩ አምባ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች አሉት። ሲደርስ ሚዛን ላይ ስኳር እየሰፈረች ነበር። ቀና ብላ አየችው፣ ስኳሩን ጨርሳ ለደንበኛዋ ሰጠችና ከዚያ ነው የተናገረችው።

"የፈተናው ሰውዬ" አለች። "ሸብተዋል።"

"እንደምን ኖሩ፣ ወይዘሮ አሲያ?"

"አልሐምዱሊላህ። ምነው፣ መንገዱ ዐሥራ አራት ዓመት ፈጀብዎ?"

ዱካ ስባ አስቀመጠችው። አዲሱ ዳስ እንደሚከፈት ሰምታለች፣ አስነባቢነቱንም እንደገና ተቀብላ ልጆች መመዝገብ ጀምራለች። እሱ ግን ስለ ዳሱ አልጠየቀም። ያን ቀን መኪናው አጠገብ ስታነብ የነበረችው ልጅ ማን እንደሆነች ጠየቀ። 

"ስሟን እንኳ አያውቁትም?" አለች። "ሰብሪና ናት። እዚህ ማንም ሰው ያውቃታል፤ ዳሱን ያዘጋች ልጅ ይሏታል።"

"እንዴት?"

"እንዴት ይላሉ? በመስታወቱ ውስጥ እጅዎን አወናጨፉባት። ልጅ ምን ትረዳ? 'ወደቅሁ' ብላ እያለቀሰች መጣች። ከሁለት ወር በኋላ ዳሱ ተዘጋ። መጨረሻ ያነበበችው እሷ፣ እጅ የተወናጨፈባት እሷ። ሰዉ ምን ይበል? 'ሰብሪና ተንተባትባ ዳሳችንን አዘጋችብን' አለ። ልጆቹ ዘፈን አወጡላት። በዚያው ሰሞን ትምህርቱን ተወችው።"

"እርስዎ አልነገሯቸውም?"

"ምን ብዬ? የእናንተን ወረቀት መች አየሁት? ለውጥ የለም አላችሁ፣ ዘጋችሁ፣ ሄዳችሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ፤ ማንን ልከራከር?" ድምፅዋ ወረደ። "እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንዳንዴ እውነት ይመስለኝ ነበር።"

ወርቅአገኘሁ ይህን ሁሉ ዓመት ራሱን ሲከስና ሲፈታ፣ ሌላ ሰው የእሱን ፍርድ ተሸክሞ ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ራሱ ብቻ የሚሠቃይ መስሎት ነበር። አንዳንድ ጸጸት እንዲህ ነው፣ የገዛ ራሱን ፊት ብቻ ያያል።

"ልጅ አላት" አለች አሲያ። "ኢክራም ትባላለች፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ለዳሱ አስመዝግቢ ብላት እምቢ አለች። 'በእኔ የተዘጋ ዳስ ውስጥ ልጄን አላስገባም፣ እሷንም ይዘፍኑባታል' ነው የምትለው።"

ሰብሪና የገበያው ዳር ላይ፣ ሽንኩርትና ሎሚ ጆንያ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። አሲያ አደረሰችውና ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። ሰብሪና የሃያ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ ፊቷ ረዘም ያለ፣ እጇ የሽንኩርት ልጣጭ የተለጣጠፈበት። አጠገቧ አንዲት ትንሽ ልጅ ሎሚ በመደብ በመደብ ትደረድራለች። ወርቅአገኘሁ ፊቷን አላወቀውም። ከንፈሯን ግን አወቀው።

"ስንት ልስጥዎ?" አለችው።

"ሰብሪና፣ እኔ የፈተናው ሰው ነኝ። መኪናው ውስጥ የነበርኩት።"

እጇ ሽንኩርቱ ላይ ቀረ። ልጇን "ሂጂ፣ አሲያ ጋ ሁኚ" ብላ ላከችና ወደ እሱ ዞረች። "እንግዲህ ምን ቀረ?" አለች። "ወደቅሽ ሊሉኝ ነው የመጡት? አውቄዋለሁ።"

"አልወደቅሽም። አልተፈተንሽም።"

"አነበብኩልዎ እኮ።"

"አልሰማሁሽም። መስኮቱ ዝግ ነበር። እጄን ያወናጨፍኩት ጊዜው አልቋል ለማለት ነው።"

አላመነችውም። ፊቷ ላይ ይታያል፤ ዐሥራ አራት ዓመት የኖረችበትን ነገር አንድ ሽበታም ሰው በገበያ መሀል መጥቶ አይደለም ቢላት ለምን ታምነው? ቦርሳውን ከፈተና ፎርሙን አወጣ። ገጽ ሦስት። ጣቱን ተራ ቁጥር ስድስት ላይ አድርጎ ሰጣት። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ራሱም በደንብ አያውቅም። ምናልባት ማስረጃ ሊያሳያት ነው። ምናልባት ደግሞ፣ ይህ ክፉ ሐሳብ ነው ግን እውነት ነው፣ ሊፈትናት ነው።

ሰብሪና እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወረቀቱን ተቀበለች። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አደረገች። ያው ጣት ነው፣ ያው አካሄድ ነው።

"በዕለቱ" አለች፣ ቀስ ብላ። "ያልተገኙ... ተማሪዎች... ከና... ከናሙናው... ይወገዳሉ።"

ታነባለች። ይህን ገጽ በቃሏ ልትሸመድደው አትችልም፤ በሕይወቷ አይታው አታውቅም። ወርቅአገኘሁ ለዐሥራ አራት ዓመት ሲጠይቅ የኖረው ጥያቄ በአምስት ቃል ተመለሰ፤ ሪፖርቱ ውሸት ነበር።

"ናሙና ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"የሚቆጠሩት ልጆች ናቸው።"

"ይወገዳሉ የተባሉትስ?"

"አንቺ ነሽ" አላት። "አንቺና ገበያ የወጡ ዐሥራ ስድስት ልጆች። ዳሱ ያስተማራችሁ እናንተን ነበር፣ እኔ የቆጠርኩት ደግሞ ሌሎቹን ብቻ ነው። ዳሱ በአንቺ አልተዘጋም። በዚህች መስመር ነው የተዘጋው።"

"ማን ጻፋት?"

"እኔ።"

ወረቀቱን እንደገና አየችው፣ ገልብጣ ጀርባውን ሁሉ አየች፤ ይኸው ነው ወይ፣ ሌላ የለውም ወይ እንደማለት። ጀርባው ባዶ ነው። "እናቴ አምና ሞተች" አለች። "ልትሞት ስትል ምን አለችኝ መሰለዎ? 'ምነው ልጄ፣ ያን ቀን ባልሮጥሽ ኖሮ' አለችኝ። አህያውን ጥዬ ነበር የሮጥኩት። አህያው ጠፋ፣ ዳሱም ጠፋ።"

"ይቅር በይኝ" አላት።  ይቅር ብያለሁ አላለችውም፣ አልልም አላለችውም። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት።

"ለእኔ አይንገሩኝ" አለች። "እኔማ አነበብኩት። ለእነሱ ይንገሩ።"

በገበያው ራስ ካለችው ዋርካ ሥር የአካባቢው ሽማግሌዎች በገበያ ቀን ይቀመጣሉ፤ የተጣላም የጠፋበትም እዚያ ነው የሚናገረው። አሲያ ከፊት ሆና ወሰደችው። መካከላቸው የተቀመጡት ሐጂ ፈረጅ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ያኔ ለዳሱ እንጨት ያዋጡት እሳቸው ነበሩ። ወርቅአገኘሁ ቆመ።  ሁሉንም ተናገረ፤ ቀኑን የመረጠው እሱ እንደሆነ፣ አሲያ ነግራው እንዳልሰማት፣ ዐሥራ ሰባት ልጆችን ሳይፈትን ለውጥ የለም ብሎ እንደፈረመ፣ ሰብሪና የምታነብ ልጅ እንደነበረች፣ አሁንም እንደምታነብ። ከዳር የቆሙ ሴቶች መሀል አንዷ፣ ምናልባት ያኔ ዘፈኑን ካወጡት አንዷ ናት፣ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ዞረች። ሌሎቹ ግማሹን ሰምተው ወደ ዕቃቸው ሄዱ። ገበያ ነው፣ ገበያ ሰው አይጠብቅም።

ሐጂ ፈረጅ ዱላቸው ላይ እንደተደገፉ "ልጄ" አሉት፣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ቢሆንም ጮኸሃል። የእናቷን መቃብር ግን አንተም እኔም አናሰማውም።"

ሲመለስ ሰብሪና ለአንድ ሰው ሽንኩርት እየመዘነች ነበር። ቀና ሳትል "አዲሱ ፈተና መቼ ነው?" አለችው።

"የገበያ ቀን አይሆንም።"

"ልጅ ታሞ ቢቀርስ?"

"የቀረ ልጅ ቤቱ ድረስ ይፈለጋል። ሳይፈተን አይዘጋም።"

"ተጽፏል?"

"እጽፈዋለሁ።"

"ሲጻፍ ያምጡልኝና አነበዋለሁ" አለችና ሚዛኗን አነሳች። ስለ ኢክራም አንድም ቃል አልተናገረችም።

ሰኞ ጠዋት ተራ ቁጥር ስድስትን ሰረዘ። በምትኳ እንዲህ ጻፈ፦ "የፈተናው ቀን የሚቆረጠው ከመንደሩ ሰው ጋር ነው። በዕለቱ ያልተገኘ ልጅ ባለበት ይፈለጋል፤ ሳይገኝ የቀረ ልጅ ቁጥርና ምክንያት ከውጤቱ በፊት ይጻፋል።" ከዚያ አንድ ገጽ አባሪ ጨመረ። የሾላ ውኃው ግምገማ ስሕተት እንደነበር፣ ያቺ መስመር ወደ ዘጠኝ ዕቅዶች እንደተገለበጠችና ሁሉም እንደገና መታየት እንዳለባቸው ጽፎ ስሙን ፈረመ።

ኤርሚያስ አንብቦ ፊቱ ተለዋወጠ። "ጋሼ፣ መስመሯን ቀይራት፣ ጥሩ ነው። አባሪውን ግን ተወው። ስምንት ወር ነው የቀረህ፣ ስምህን በገዛ እጅህ ልታጠፋ ነው?"

"ስሜ በወረቀት ላይ ነው ያለው" አለው ወርቅአገኘሁ። "የእሷ ስም ግን በሰው አፍ ነው የጠፋው። ላከው።"

ኤርሚያስ ላከው። መልሱ በዐሥራ አንደኛው ቀን መጣ፤ "ዕቅዱ ጸድቋል፤ አባሪውን ተመልክተነዋል" ይላል። ይኸው ነው። የጠየቀም፣ የተቆጣም፣ ዘጠኙን እንመልከት ያለም የለም። ወጣቶቹ አዲሱን መስመር ከፎርሙ ጋር መገልበጥ ጀመሩ። እሱ ቁጣውን ሁሉ ሲጠብቅ ነበርና ዝምታው ባሰበት።

ዕቅዱ የጸደቀ ዕለት በሚኒባስ ወደ ቤቱ ሲሄድ አሲያ ደወለች። ሾላ ውኃ ላይ አርባ ሦስት ልጆች ተመዝግበዋል። "አርባ ሦስተኛዋ ኢክራም ናት" አለችው። "እናቷ ራሷ መጥታ ጻፈቻት፣ በገዛ እጇ።" ስልኩን ዘግቶ ዓይኑን ጠረገ። ከኋላ አንዲት ሴት "ኧረ መስኮት! ሰው እኮ ነን!" አለች። እውነቷን ነው፣ ውጭ ያለው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ወርቅአገኘሁ እንግዲህ አልቋል ብሎ አሰበ። እጁን ዘርግቶ መስኮቱን ዘጋው፤ በዐሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ረዳቱ "ዛሬ ምን ተገኘ!" ብሎ ሳቀ።

መስታወቱ በሰው ትንፋሽ ጉም ለበሰ። ልጅቷ መጣች፣ ልጓሙ ትከሻዋ ላይ፣ መጽሐፉ እጇ ላይ። ያን ሁሉ ዓመት ድምፅ ያልነበረው ከንፈሯ አሁን ድምፅ አለው፤ ጥርት ብሎ፣ ፊደል በፊደል ይሰማል። የምታነበው ግን የዳሱን መጽሐፍ አልነበረም። "በዕለቱ ያልተገኙ ተማሪዎች" ትላለች፣ ጣቷን እያስከተለች፣ አንድ ቃል ሳትስት። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ሴትየዋ፣ ማንም አልሰማትም። ወርቅአገኘሁ እስክትጨርስ አዳመጣትና "ይቅርታ አድርጉልኝ" ብሎ መስኮቱን ከፈተ።